ወደ ናዝሬት መመለስ

ልጆቻቸውን ለአንድ ዓመት ወደ ሩቅ አገር ለሚልኩ ወላጆች የተዘጋጀ ስብከት

ምንባብ፤ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2፥ ከቁጥር 41 እስከ 52

በደጋው አገር ያላችሁ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ይህ ቃል የሚጻፍላችሁ በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፥ ሃይ ማላካል ከሚባለው ሠፈር ነው። ሃይ ማለት በዐረብኛ ሠፈር ማለት ሲሆን፥ ማላካል ግን ከዚህ በስተ ሰሜን በነጭ ዓባይ ዳር ያለች ሌላ ከተማ ናት። ከኢሉባቦርና ከወለጋ ተራሮች የሚወርደው የባሮ ውኃ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ተብሎ ወደ ነጭ ዓባይ የሚገባው ከዚያች ከተማ አጠገብ ነው። እንግዲህ የምንኖርበት ሠፈር ስም እንኳ የሌላ ቦታ ስም ነው። እኛም ከሌላ ቦታ መጥተን ሆቴል የምናሠራ፥ ሱቅ የምንጠብቅ፥ ሸቀጥ የምናመላልስ ሰዎች ነን። ልጆቻችን በቤት አማርኛ ወይም ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ፥ በመንገድ የጁባ ዐረብኛ፥ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይናገራሉ። አገርህ ወዴት ነው ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ቢኖር ከመመለሳቸው በፊት ጥቂት ያስባሉ።

በእንዲህ ያለ ቤት አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ በደጋም ባላችሁ በእናንተ ቤት እንደሚነሣ እናውቃለን። ልጁ ወይም ልጅቱ 16 ዓመት ሞልቶአቸዋል፤ ለአንድ የትምህርት ዓመት ወደ ባሕር ማዶ ሄደው በማያውቁት ቤተሰብ ቤት እያደሩ ይማሩ ዘንድ ዕድል ይገኛል። እንደዚህ ያለውን ልጅ የልውውጥ ተማሪ ይሉታል። እንላከው ወይስ እንከልክለው? ብንልከውስ ምን ብለን እንሸኘው? ስብከታችን ይልቁንም ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

አስቀድመን የዚህን ነገር መነሻ ብናውቅ ይጠቅመናል። በ1915 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር እንጽፋለን) በፈረንሳይ የጦር ግንባር ቁስለኞችን በአምቡላንስ ለማመላለስ የተነሡ አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች አሜሪካን ፊልድ ሰርቪስ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። በሁለተኛውም የዓለም ጦርነት እንዲሁ አገለገሉ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፥ የሞተውንና የቆሰለውን ሲያነሡ የኖሩት እነዚህ ሰዎች፥ ልጆች በልጅነታቸው ቢተዋወቁ ይሻላል ብለው በ1947 52 ተማሪዎችን ወደ አሜሪካ አመጡ። በ1949 ደግሞ የወንድሞች ቤተ ክርስቲያን የምትባለው፥ ስለ ሰላም ምስክርነቷ የታወቀችው ማኅበር፥ 50 ያህል የጀርመን ወጣቶችን ተቀብላ በአሜሪካ በምእመናን ቤት አኖረች፤ ዓለም አቀፍ የክርስቲያን ወጣቶች ልውውጥ የተባለውም ሥራ የተጀመረው ከዚህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሁለቱ ሕዝቦች ይገዳደሉ እንደ ነበር አስቡ። እንግዲህ ነገሩ ሲጀመር ስለ እንግሊዝኛ ወይም ስለ ምስክር ወረቀት አልነበረም። የትናንት ጠላትን ልጅ በገዛ ማዕድ ላይ ማስቀመጥና እንጀራ መቍረስ ነበር።

ይህ ዓመት የታሰረበት ቃል ደግሞ አለ። በአሜሪካ ሕግ ለሁለተኛ ደረጃ የልውውጥ ተማሪ የሚሰጠው ጄ-1 የተባለው ቪዛ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት ተኩል ላሉ ልጆች ነው፤ ዘመኑም ከአንድ የትምህርት ዓመት አይበልጥም። ልጁ ይሄዳል፥ ይማራል፥ ይመለሳል። የሚቀበሉት ቤተሰቦችም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ፥ አልጋቸውንና ማዕዳቸውን በነጻ የሚሰጡ ናቸው። ልጁም ወላጁም ይህን አውቀው ይፈርማሉ።

አሁን ወደ ምንባባችን እንምጣ። ጌታችን 12 ዓመት በሆነው ጊዜ ከወላጆቹ ጋር ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም ወጣ። በዓሉ ሲፈጸም መንገደኞቹ ሁሉ ተመለሱ፤ እርሱ ግን ቀረ። ዮሴፍና ማርያም ከዘመድ ጋር የሚጓዝ መስሎአቸው አንድ ቀን ሙሉ ሄዱ፤ ሲመሽ ባጡት ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሱ፥ በሦስተኛውም ቀን በመቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ አገኙት። ልጅ የጠፋበት ሰው እነዚያ ሦስት ቀናት ስንት ዓመት እንደሚሆኑ ያውቃል። ልጁ ግን በጠፋበት ቦታ ተመችቶት ነበር። የሚጠይቃቸው ሊቃውንት፥ የሚሰሙት ሽማግሌዎች፥ በመልሱ የሚደነቁ ሰዎች ነበሩ። ናዝሬትስ ምን ነበራት? በብሉይ ኪዳን ስሟ ስንኳ አልተጠራም፤ ናትናኤልም ከእርስዋ ደግ ነገር ይወጣ እንደ ሆነ ተጠራጥሮ ነበር። ሆኖም ወንጌላዊው ልጁ ከወላጆቹ ጋር ተመለሰ፥ ታዘዘላቸውም ብሎ ጽፎልናል። ሠላሳ ዓመት እስኪሆነውም ድረስ በዚያች ትንሽ መንደር ኖረ።

ከዚህ ጋር ሌላ ነገር ተጽፎአል፥ ብዙ ሰባኪ ቶሎ የሚያልፈው። ወላጆቹ የነገራቸውን አላስተዋሉም። በኢየሩሳሌም ያዩት ልጅ ከቤት ይዘውት የወጡት ልጅ አልመሰላቸውም። ማርያምም ያላስተዋለችውን ነገር አልነቀፈችም፥ አልጣለችውምም፤ በልብዋ አኖረችው።

አሁን እውነቱን እንነጋገር። በሃይ ማላካል፥ ምናልባትም በእናንተ ሠፈር፥ ልጁ ከመሄዱ በፊት ባለው ሌሊት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰናብቶ በር ከተዘጋ በኋላ የሚባል አንድ ቃል አለ። «ልጄ፥ አንዴ እግርህን ካወጣህ አትመለስ» ይባላል። ዓመቱ ሊፈጸም አንድ ሳምንት ሲቀረው ከቤቱ ውጣ፥ በእገሌ ከተማ የአጎትህ ልጅ አለ፥ እርሱ ይደብቅሃል ይባላል። አንዳንዱም መጽሐፍ ጠቅሶ ሎጥ ወደ ኋላው እንዳይመለከት አልታዘዘምን ይላል። ይህ ጥቅስ ያለ ቦታው ገብቶአል። ሎጥ ወደ ሰዶም እመለሳለሁ ብሎ ለማንም አልፈረመም፤ የወጣውም መላእክት እጁን ይዘው እንጂ ያሳደሩትን ሰዎች አታልሎ አይደለም።

ይህን የሚናገር ወላጅ ክፉ ሰው ነው አንልም። በታኅሣሥ 2013 በጁባ ጥይት ሲዘንብ የዋለበትን ቀን፥ በሐምሌም 2016 እንደ ገና የሆነውን ያየ አባት ልጁን ከዚህ ሊያርቅ ቢመኝ ማን ይፈርድበታል? በትግራይ ከ2020 እስከ 2022 የነበረውን፥ በአማራም ከ2023 ጀምሮ የተነሣውን ጦርነት ያያችሁ እናንተም ይህን ስሜት ታውቃላችሁ። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ኀጢአቱ ያለው የውሸቱን ሸክም በልጅ ትከሻ ላይ በመጫን ነው።

እስቲ ያን ልጅ አስቡት። በሩቅ አገር በማለዳ ይነሣል፤ የቤቱ እመቤት ቁርስ ታቀርብለታለች፥ ልጆቻቸው ወንድማችን ይሉታል፥ በልደቱ ቀን ስሙን የጻፉበት ኬክ ይቈርሱለታል። እርሱ ግን በሰኔ ወር በሌሊት ጥሎአቸው እንደሚጠፋ ያውቃል። ስለዚህ ደግነታቸው በላዩ እንደ ዕዳ ይከመራል፥ ልቡንም ሊከፍትላቸው አይችልም። ወላጁ እንዲያገኝ የተመኘለት ያ ዓመት ሳይጀመር ተሰርቆበታል። በ15ኛው መዝሙር በእግዚአብሔር ተራራ ማን ይኖራል ተብሎ ሲጠየቅ ለባልንጀራው የማለውን የማይክድ ሰው ከሚቈጠሩት አንዱ ነው። ባልንጀራው ፈረንጅ ቢሆን፥ ሀብታም ቢሆን፥ ቃሉ አይለወጥም።

የአንዱ መጥፋት የሚዘጋው በር ደግሞ የራሱ በር ብቻ አይደለም። በኤፕሪል 2025 የአሜሪካ መንግሥት የደቡብ ሱዳን ፓስፖርት የያዙ ሰዎችን ቪዛ ሁሉ መሰረዙን አስታወቀ፤ የሰጠውም ምክንያት ከዚያ የሚባረሩትን ሰዎች የጁባ መንግሥት በጊዜው አልቀበልም ብሎአል የሚል ነበር። ነገሩ የመንግሥታት ክርክር ነው፥ ፍርዱም ምንም ያላጠፉትን ብዙዎች የጐዳ ስለ ሆነ ትክክል ነው አንልም። ነገር ግን የመመለስ ቃል ሲጠፋ በደጅ ቆሞ ተራውን የሚጠብቀው ልጅ ምን እንደሚያገኘው ከዚህ ይታያል።

ነገር ግን ልጁ በዚያ ሳለ በአገሩ ጦርነት ቢነሣ፥ መመለስም ሞት ቢሆን ምን ያድርግ? በቀን ብርሃን ይናገር። ለሚያኖሩት ቤተሰቦች፥ ለላከው ማኅበር፥ ለሕጉም ባለሥልጣን እውነቱን ገልጦ መጠጊያ ይለምን። ጌታችን ራሱ በሕፃንነቱ ወደ ግብፅ ተሰዶአልና መሰደድ ኀጢአት አይደለም። ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት የወጣው ከሄሮድስ ሰይፍ ነው፤ እንጀራ ካበላቸው ሰው ቤት አልነበረም። ሄሮድስ ከሞተ በኋላም ተመለሰ።

የዚህች ከተማ ሰዎች ልጅን ስለ መላክ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። በ1985 እና በ1986 ደቡብ ሱዳን ከካርቱም መንግሥት ጋር በጦርነት ላይ ሳለች፥ በጋምቤላ በኢታንግ የስደተኞች ሠፈር ከነበሩት ልጆች 600 ያህሉ ወደ ኩባ ተላኩ። የወጣቶች ደሴት በተባለችው ምድር ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ልጆች ጋር፥ ከኢትዮጵያም ወላጆቻቸው በኦጋዴን ጦርነት ከሞቱባቸው ልጆች ጋር ተማሩ። የተላኩት ተምረው ተመልሰው አገር ይሠሩ ዘንድ ነበር። ነገር ግን በ1991 በአዲስ አበባ የነበረው መንግሥት ወደቀ፥ ኩባን ትረዳ የነበረችው ሶቪየት ኅብረትም ፈረሰች፤ ልጆቹም የላካቸውና የሚጠራቸው ሳይኖር ቀሩ። ሐኪም፥ መሐንዲስ ሆነው ሥራ ያጡ ነበሩ። ብዙዎች ወደ ካናዳ ተሻገሩ፤ ከዚያም የእጅ ሥራ ሠርተው የኖሩ ሐኪሞች ነበሩ። ጥር 2005 የሰላሙ ውል ከተፈረመ በኋላ ግን ከእነርሱ መካከል ወደዚህ አገር ተመልሰው በሽተኛ ያከሙ አሉ። በጁባ ዛሬም እስፓንኛ የሚናገር ሽበታም ሰው ብታገኙ አትደነቁ።

በዚህ ነገር ላይ አንድ አሳብ አለን። እነዚያ ልጆች የተመለሱት የቀረላቸው ሀብት ስለ ነበረ አይደለም፤ የሚቀበላቸው ቤት እንኳ የነበራቸው ጥቂቶች ነበሩ። በ12 ዓመታቸው ለምን እንደ ተላኩ በግልጥ ተነግሮአቸው ነበርና ያን ቃል 20 ዓመት ተሸከሙት። ሁሉም አልተመለሱም፤ ያልተመለሱትንም አንነቅፍም፥ የላካቸው ወገን ራሱ ጥሎአቸው ነበርና። ሲሸኙ በጆሮአቸው የተነገረው ቃል ግን ሌላ ቢሆን ኖሮ አንዱስ ይመለስ ነበርን?

ከእኛ ወገን ደግሞ የሁላችሁም አባት የሆነ አንድ ሰው አለ። ኦነሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ተወለደ፤ ስሙም ሂካ ነበር። ገና ሕፃን ሳለ ከእናቱ ተነጥቆ ብዙ ጊዜ ተሸጠ፥ በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጥቶ በምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ፥ በ1872ም ተጠመቀ። 20 ዓመት ገደማ ሲሆነው በ1876 ወደ ስዊድን ተላከ፤ በዮሐኔሉንድ በተባለው የወንጌላውያን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማረ። የስዊድን ሰዎች ወደዱት። በዚያ ቢቀር የሚከለክለው አልነበረም፤ ለባርነት ወደ ሸጠው ምድር ይመለስ ዘንድ ዘመድ እንኳ አልጠራውም። እርሱ ግን በ1881 ተመለሰ። ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት በመጀመሪያ የሞከረው በዚህ በሱዳን በኩል ነበር፤ ከሚስቱ ከምሕረት ኃይሉ ጋር በካርቱም አልፎ እስከ ድንበሩ ድረስ ደረሰ። መንገዱ ተዘጋ፥ በሽታም ያዛቸው፥ ሳይሳካለትም ወደ ምኩሉ ተመለሰ። መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ተቀምጦ አላዘነም፤ ከአስቴር ጋኖ ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጐመ፥ በ1899ም ታተመ። ወለጋ የገባው በ1904 ነው። ከስዊድን ከተመለሰ 23 ዓመት ሆኖት ነበር። በ1931 እስኪሞት ድረስም በነቀምት አስተማረ።

አሁን ለአንተ ለሚሄደው ልጅ፥ ለአንቺም ለምትሄጂው ልጅ ጥቂት እንናገር። በዚያ ቤት ውሻ በሳሎን ሲተኛ ብታይ አትጸየፍ፤ የቤቱ አባት ሳህን ሲያጥብ ብታይ አትሣቅ፥ ይልቅስ ተነሥተህ አብረህ እጠብ። እናትህ ያሰረችልህን በርበሬ አትደብቀው፤ አንድ እሑድ ወጥ ሠርተህ አብላቸው፥ ቢያቃጥላቸውም ይስቃሉ። ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ቢወስዱህ ሂድ፤ መዝሙሩ ቀዝቃዛ፥ ስብከቱም አጭር ቢመስልህ እግዚአብሔር በዚያ የለም ብለህ አትፍረድ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የማይሄዱ ሰዎች ቢሆኑ ደግሞ ለማዕድ ስትቀመጥ ራስህን ዝቅ አድርገህ አመስግን፤ ቢጠይቁህ መልስ፥ ካልጠየቁህ አትገሥጻቸው። በበረዶው ወራት ቀኑ ሲያጥር፥ ልብህም ሲከብድ፥ ይህ በእንግዳ ላይ ሁሉ የሚደርስ ነገር ነውና እምነቴ ጠፋ አትበል። ከየት ነህ ሲሉህ እውነቱን ንገራቸው፤ ጁባ ያደግህ ኢትዮጵያዊ ብትሆን ሁለቱንም ተናገር። ረጅም መልስ ነው፥ ነገር ግን የራስህ ነው።

እናንተ ወላጆችም በየማታው ስልክ አትደውሉለት። በእጁ ባለው ስልክ ድምፃችሁ ሲመጣ ልቡ ከዚያ ቤት ተነሥቶ ወደዚህ ይመጣል፥ ማዕዱም ይቀዘቅዛል። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። በስልኩም መብራት እንደ ጠፋ፥ ኪራይ እንደ ጨመረ፥ እገሌ እንደ ታመመ ሁሉ አትዘርዝሩለት፤ የ16 ዓመት ልጅ ከዚያ ሆኖ ምን ሊያደርግላችሁ ነው? ገንዘብ ላክ ማለትማ ፈጽሞ አይገባም፤ ተማሪ ነው እንጂ ሠራተኛ አይደለም። ለሚያኖሩት ሰዎች ግን አንድ ደብዳቤ ጻፉላቸው፤ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ይጻፍላችሁ። ጳውሎስ አናሲሞስን ወደ ፊልሞና ሲልክ ባዶ እጁን አላደረገውም፥ እኔን እንደምትቀበል አድርገህ ተቀበለው ብሎ ለመነለት። እናንተም ልጃችን ይህ ነው፥ ምግብ የሚወደው ይህን ነው፥ ሲያዝን ዝም ይላል፥ ሲያጠፋ ቅጡት፥ ዓመቱ ሲፈጸም በጤና እንድትመልሱልን እንለምናለን በሉ። ይህን ደብዳቤ የፈረመ አባት «አትመለስ» ብሎ በጆሮ ሊናገር አይችልም።

ከሁሉ የሚከብደው የሚመለስበት ቀን ነው። ልጁ አድጎ፥ ድምፁ ወፍሮ፥ አንድ ዓመት ሙሉ በሌላ ቋንቋ አልሞ ይመጣል። ቤቱ ይጠብበታል፥ ሙቀቱ ይከብደዋል። ለምን እንዲህ ታደርጋላችሁ ብሎ በሽማግሌ ፊት ይጠይቃል፤ የተማረው መጠየቅ ነውና። ዘመድ ደግሞ ተሰብስቦ ምን ይዘህ መጣህ ይለዋል፥ ሻንጣውንም ያየዋል። አንዳንዱም ይህን ሞኝ ተመልከቱት፥ ከዚያ ወርቅ ከሆነ አገር ወደዚህ ተመለሰ እያለ ይሣቅበታል። ወንድሞቼ፥ ይህ ሣቅ ብዙ ልጆችን አስመርሮአል። ቃሉን ጠብቆ ለተመለሰ ልጅ ቢያንስ ከመሣቅ ዝም ማለት ይሻላል።

ሽማግሌዎችም በመጀመሪያው እሑድ ወደ መድረክ አውጥታችሁ ምስክርነት ስጥ አትበሉት፤ ያየውን ነገር ገና አላቀናበረውም። ጥቂት ሳምንት ይተኛ፥ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ይጫወት፥ የጁባ ዐረብኛው ወደ አፉ ይመለስለት። አንቺም እናቱ፥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንግዳ በሌለበት ቡና አፍልተሽ ከአጠገብሽ አስቀምጪው። ስለዚያ ቤት ይንገርሽ፤ ስለ በረዶው፥ ስለ ውሻው፥ እናቴ እያለ ይጠራት ስለ ነበረችው ሌላዪቱ ሴት። ስለ እርስዋ ሲናገር ዓይኑ እንባ ቢያቀርር አትቅኚባት። አቦሉም ቶናውም በረካውም እስኪጠጣ ድረስ ይናገር፤ ያልገባሽንም ነገር ወዲያው አትመልሺለት።